«ተመርቀዋል» የተባሉት የት ደረሱ?

/በአዲስ አበባ በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል/



አዘጋጆቹ በስልክ ሲያነጋግሩኝ «ከአደጋ በኋላ ለወረዳዎች የሚሰጥ የኢኮኖሚ ማገገሚያ ድጋፍ ውጤት አለካክ» በሚል ርዕስ እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። ርዕሱ ሲነበብ ትንፋሽ ያሳጥራል። በቀጥተኛው አማርኛ ሲነገር ግን ጥያቄው አንድ ነው። ድርቅ ወይም ጦርነት ለደቆሰው ሰው ተብሎ ወደ ወረዳ የተላከው ብር ሰውየውን አቆመው ወይስ አላቆመውም?

እኔ ምሁር አይደለሁም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለረጅም ዓመታት የሠራሁት በአንድ ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ነው። የወረዳውን ስም አልጠራም። ዝናብ ሲቀር ስሙ በሬዲዮ የሚነሳ ወረዳ ነው ብላችሁ ያዙልኝ። የወረዳው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል አባልም ነበርኩ። ስለዚህ ዛሬ የቆምኩት ሌላውን ለመክሰስ አይደለም። ክስ ካለ የመጀመሪያው ተከሳሽ እኔ ነኝ፤ ከዝርዝሩ ግርጌ ካሉት ፊርማዎች አንዱ የእኔ ነውና።

ታዲያ ከሰኔ ልጀምር። የመንግሥት ቤት የሠራ ሰው ሰኔ ምን ዓይነት ወር እንደሆነ ያውቃል። በጀት ሊዘጋ ነው። ሥራ ላይ ያልዋለ ብር ተመላሽ ይሆናል፤ ተመላሽ ያደረገ ወረዳ ደግሞ በዞን ግምገማ ላይ ይወቀሳል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ሥልጠና ይበዛል፣ አበል ይበዛል፣ መኪናው ሁሉ ጎማ ይቀይራል። ሐምሌ ላይ ሪፖርት ሲነበብ «የፋይናንስ አፈጻጸም 98 በመቶ» ይባላል። ይጨበጨባል።

ልብ በሉ፤ 98 በመቶው ውሸት አይደለም። ብሩ በደረሰኝ ወጥቷል። ኦዲተር ቢመጣ ሰነዱ ፋይል ውስጥ አለ። ዳሩ ግን ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ ካዝናው እንጂ ስለ ገበሬው አይደለም። አንድ ሐኪም «በሽተኛው ዳነ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «መድኃኒቱ አልቋል» ብሎ ቢመልስ ምን ትሉታላችሁ?

ከፋይናንሱ ቀጥሎ «ፊዚካል» የሚባለው አፈጻጸም ይመጣል። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን፣ ይህን ያህል ችግኝ፣ ይህን ያህል የገጠር መንገድ። እርከን ጥሩ ነገር ነው፤ የተራቆተ ተራራ መልሶ ሲለብስ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን በእኛ ወረዳ ጥር ላይ የተካበው እርከን ከፊሉ ሐምሌ ላይ በጎርፍ ይናዳል። በቀጣዩ ጥር እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ ይካባል። ሪፖርቱ ላይ ግን በየዓመቱ አዲስ ሆኖ ይደመራል። አንድ ቀልደኛ የግብርና ባለሙያ ጓደኛችን «የእኛ ወረዳ እርከን ቢቀጣጠል ሞያሌ ደርሶ ይመለሳል» ይል ነበር። እንስቅ ነበር። በዚያ እርከን የስንት ቤት ምርት ጨመረ ብሎ የጠየቀን ግን አልነበረም። እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስገባ፣ የማወራው ሁላችሁም «ሴፍቲኔት» እያላችሁ ስለምትጠሩት ፕሮግራም ነው። በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የዕርዳታ እህል ጠባቂ ሆኖ ነበር። እስከዚያ ድረስ አሠራሩ በየዓመቱ የድረሱልኝ ጥሪ ማሰማት፣ መርከብ መጠበቅ፣ እህል ማከፋፈል ነበር። ሰውየው ከሞት ይተርፋል። እህሉ እስኪደርስ ግን በሬውን ይሸጣል፤ በሚቀጥለው ችግር ከድሮው ይበልጥ ደህይቶ ይመለሳል። ይህን አዙሪት ለመስበር ታስቦ በ1997 ዓ.ም. /እ.ኤ.አ. 2005/ መንግሥትና ዓለም ባንክን ጨምሮ በርካታ ለጋሾች ሴፍቲኔትን ጀመሩ። ጉልበት ያለው ቤተሰብ የሕዝብ ሥራ ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን ይታሰብለታል። መጀመሪያ ላይ የቀኑ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። አቅመ ደካማው ሳይሠራ ይሰጠዋል። ከጎኑ ደግሞ በብድር የሚገኝ «ፓኬጅ» አለ፤ በግ፣ የንብ ቀፎ፣ ምርጥ ዘር፣ የመሳሰለው። ገንዘቡ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ ይወርዳል። መራጩም፣ ከፋዩም፣ ሪፖርት አድራጊውም ወረዳና ቀበሌ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ፕሮግራሙ ሲጠነሰስ በአምስት ዓመት ውስጥ ሕዝቡ ከድጋፍ ይላቀቃል ተብሎ ነበር። መላቀቁ «ምረቃ» ተባለ። ስሙ ደስ ይላል፤ ጋዋንና የሽማግሌ ምርቃት አንድ ላይ ያስታውሳል። ትርጉሙም ወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የለውም። አንድ ቤተሰብ ድጋፉ ባይኖር 12ቱንም ወር ራሱን መመገብ ከቻለ፣ መጠነኛ ችግር ቢመጣበትም መቋቋም ከቻለ ተመረቀ ይባላል። ከዚህ የተሻለ ትርጉም እኔም አላመጣም። ነገር ግን የሰው ቤት ገብቶ 12 ወር ሙሉ እንጀራ የሚቆጥር ማን አለ? ስለዚህ መለኪያው ወደ ንብረት ዞረ። በየክልሉ በብር የተተመነ ወለል ወጣለት። የቤቱ በግ፣ ፍየል፣ ላም፣ ቀፎ ይገመታል፤ ድምሩ ከወለሉ ካለፈ ሰውየው «ምሩቅ» ነው።

ከዚያ ኮታ መጣ። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በነበረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የሴፍቲኔት ተጠቃሚው ቁጥር ከ7.1 ሚሊዮን ወደ 1.3 ሚሊዮን ይወርዳል ተብሎ ታቀደ። ቁጥር ከላይ ሲወርድ እንዴት እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። ክልል ለዞን ያካፍላል፣ ዞን ለወረዳ፣ ወረዳ ለቀበሌ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ጥያቄው «ስንት ሰው ቆሟል?» መሆኑ ቀርቶ «ይህን ያህል ሰው አምጡ» ሆነ። አንድ የቀበሌ ሊቀ መንበር ዝርዝር ይዞ መጣ። አነሰ ብለን መለስነው። በማግስቱ ሞልቶ አመጣው። በአንድ ሌሊት ያ ሁሉ ቤተሰብ እንዴት ከድህነት ወጣ ያለ ሰው አልነበረም። እኔም ፈረምኩ።

አገር አቀፉ ውጤትስ? 1.3 ሚሊዮን ይደርሳል በተባለበት ጊዜ የፕሮግራሙ አራተኛ ምዕራፍ ሲነደፍ እስከ 10 ሚሊዮን ሰው እንዲሸከም ተደርጎ ነው። በዚያው ሰሞን ኤልኒኖ ያስከተለው ድርቅ ደረሰ። በ2008 ዓ.ም. ከሴፍቲኔቱ ተጠቃሚ ውጭ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው ራሱ መንግሥት አስታወቀ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የቆጠቆጠኝ። ጡረታ ወጥቼ ነበር። ከፈረምኩበት ዝርዝር የአንዱን ገጽ ቅጂ ይዤ ወደዚያ ቀበሌ ወረድኩና ሦስት ቤት አንኳኳሁ። ሦስት ቤት ጥናት እንደማይባል አውቃለሁ። ለእኔ ግን በቂ ነበር።

የመጀመሪያው ቤት የአንዲት ጠና ያሉ እናት ነው። በዝርዝሩ ላይ አንድ ላምና ሦስት በግ ተጽፎላቸዋል። ቁና ላይ ገብስ እየለቀሙ አገኘኋቸው። ቡና ባለማፍላታቸው አዘኑ፤ ቤት ውስጥ አልነበረም። ላሟ የት ደረሰች ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የቷ ላም፣ ልጄ?»

«በምረቃው ጊዜ የተመዘገበችው፣ እናቴ።»

ሳቁ። «እሷማ የርቢ ናት፤ የሰው ናት። እኔ አስሬ አበላታለሁ፣ የወለደችውን እንካፈላለን። ባለቤቱ መጥቶ ወሰዳት።»

«በጎቹስ?»

«በጎቹ የብድር ናቸው። ዝናቡ ሲቀር ሸጥኳቸው። ሁሉም ሰው በግ ይዞ ገበያ ስለወጣ ዋጋ ወድቆ ነበር፤ ዕዳውን እንኳ አልሸፈነልኝም። የቀረውን ልጄ ከተማ ወርዶ በቀን ሥራ ከፈለው።»

«መዝጋቢዎቹ ሲመጡ ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ማን ጠየቀኝ? ቆጥረው ሄዱ።»

ቅጹን አውጥቼ ደግሜ አየሁት። የከብት ዓምድ አለ። የዕዳ ዓምድ የለም። ከብቱ የማን ነው የሚል ዓምድም የለም። ያንን ቅጽ ስንት ጊዜ በእጄ እንዳገላበጥኩት እግዜር ይወቀው፤ የጎደለውን አንድም ቀን አላየሁም።

ሁለተኛው ቤት የአንድ ታታሪ ገበሬ ነው። ከማሳው ሥር ምንጭ አለ። የሴፍቲኔት ክፍያው ሳይቆራረጥ ደርሶታል፣ ብድሩም በወቅቱ ተለቆለታል። ኩሬ ቆፍሮ ሽንኩርት ጀመረ። በዚያ ክፉ ዓመት እንኳ የማንንም እጅ አልጠበቀም፤ ለእኔም አንድ ኩንታል ሽንኩርት በጓደኛ ዋጋ ሊሸጥልኝ ነበር። ሴፍቲኔት ምንም አልሠራም የሚል ሰው ሲገጥመኝ ያ ሽንኩርት ትዝ ይለኛል።

ሦስተኛው ቤት ቆርቆሮ ለብሷል። በምረቃው ሰሞን ይህ ቤት ለእንግዳ የሚታይ ቤት ነበር። ከክልል ጎብኚ ሲመጣ መኪናው ፊቱ ይቆማል፤ ለመጽሔትም ፎቶ ተነሥቷል። ለመሆኑ ቆርቆሮውን ማን ገዛው? ጅዳ የሄደችው ልጅ! በሰው ቤት ተቀጥራ የምትልከው ሪያል ነው ጣራውን የሠራው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ እሷም አብራ ተመለሰች። ገንዘቡ ቆመ። እኔ በደረስኩ ጊዜ አባትየው ቆርቆሮውን የሚገዛ ሰው እያፈላለጉ ነበር። ይህ ቤት በእኛ ሪፖርት ውስጥ የወረዳው ድጋፍ ፍሬ ተብሎ ተመዝግቧል።

እንግዲህ የመለካት ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «ቤቱ ተሻሽሏል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ያሻሻለው ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ። ጅዳ ያለች ልጅ ልታሻሽለው ትችላለች። ዝናብም ያሻሽለዋል። ለምሳሌ ያህል፣ ድጋፍ ያገኘው ገበሬ በዓመት የሚራብበት ጊዜ ከአምስት ወር ወደ ሦስት ወር ወረደ እንበል። ወረዳው «ሁለት ወር አሳጠርኩ» ብሎ ይጽፋል። ድጋፍ ያላገኘው ጎረቤቱ ከአራት ወር ወደ ሁለት ወር ተኩል ወርዶ ከሆነስ? አንዱን ወር ተኩል የሠራው ዝናቡ ነው፤ የድጋፉ ድርሻ ግማሽ ወር ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ብር ከመሰጠቱ በፊት መቁጠርና ያላገኘውንም ጎረቤት አብሮ መቁጠር ያስፈልጋል። ሁለቱም ሪፖርት አያሳምሩም።

በአገራችን እንዲህ ያለ ጥናት አልተሠራም ማለቴ አይደለም። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ተጠቃሚውንም ያልተጠቀመውንም እያነጻጸሩ አጥንተዋል። የመጀመሪያዎቹን 18 ወራት ካዩ በኋላ በአማካይ ሲታይ ሴፍቲኔቱ ያመጣው ለውጥ አነስተኛ ነው አሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ለቤተሰቡ የደረሰው ክፍያ ከታቀደው እጅግ ያነሰ መሆኑ ነበር። ሴፍቲኔቱንና ፓኬጁን አብረው ያገኙት ግን የምግብ ዋስትናቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ባለ ሽንኩርቱን ሰው አስታወሳችሁት? እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ጥናት ደግሞ አምስት ዓመት የተከፈለው ቤተሰብ አንድ ዓመት ብቻ ከተከፈለው ጋር ሲነጻጸር የምግብ ዋስትናው በ1.29 ወር ረዘመ።

አንድ ወር ከሩብ ግድም። ይህ አያስጨበጭብም። በዞን ስብሰባ ላይ ቢነበብ ሊቀ መንበሩ ፊቱን ያኮሳትራል። እኔ ግን ከፈረምኩበት የምሩቃን ዝርዝር ሁሉ ይልቅ ይህን ቁጥር አምናለሁ። ነሐሴ ላይ አምስት ልጅ ይዞ ጎተራው ለተሟጠጠበት ሰውም አንድ ወር ከሩብ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ስለ ነሐሴ ካነሳሁ አይቀር፣ ለመሆኑ የምረቃው ቆጠራ በየትኛው ወር ነበር የሚካሄደው? እኛ ጋ ከመኸር በኋላ ነው። መንገዱ ደርቋል፣ ለመኪና ይመቻል፣ ጎተራውም ሞልቷል። ታኅሣሥ ላይ ጎተራ ያየ ሰው ነሐሴን አይገምትም። ያችን ቀበሌ ክረምት ላይ የረገጠ መዝጋቢ አላውቅም፤ ጭቃው አያስገባም ነበር።

የብሩም ነገር አለ። 6 ብር የተቆረጠው ያን ጊዜ 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ እንዴት እንደተሰቀለ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ አለ። በሪፖርታችን ላይ «ክፍያ መቶ በመቶ ተከናውኗል»፣ እንዲያውም «ጨምሯል»! ሰዉ ግን ብሩ ይቅርብንና እህሉን ስጡን ይል ነበር። በኪሎ ብንቆጥር ኖሮ ቁልቁል መሄዳችን ይታይ ነበር፤ በብር ስለቆጠርን ሽቅብ የሄድን መሰለን። የምረቃው ወለልም በብር ነው። የበግ ዋጋ ሲወጣ ያቺው በግ ሳትወልድ፣ ሳትሰባ ባለቤቷን ታስመርቃለች። አጃኢብ አይደለም?

ይህ በሽታ የድሃ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሴፍቲኔት በተጀመረበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2005፣ አሜሪካ ውስጥ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን አጥለቀለቀ። የፌዴራሉ መንግሥት ለሉዊዚያና ግዛት ገንዘብ ሰጠና ግዛቱ «ሮድ ሆም» የሚባል ፕሮግራም አቋቋመ። ወደ 130 ሺህ ለሚጠጉ ባለ ቤቶች ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። በካዝና ቋንቋ ትልቅ አፈጻጸም ነው። ነገር ግን ቀመሩ እንዲህ ይላል፤ ከጥገናው ወጪና ቤቱ ከጎርፉ በፊት ከነበረው ዋጋ ያነሰው ይከፈላል። በጥቁሮች ሰፈር የቤት ዋጋ ዝቅተኛ ነው። አንድ ዓይነት ጉዳት የደረሰባቸው ሁለት ቤቶች፣ ጥገናውም አንድ ዓይነት ወጪ የሚጠይቅ፣ በሰፈራቸው ምክንያት የተለያየ ገንዘብ አገኙ። ሰዎቹ ክስ መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በ62 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ክፍያ በስምምነት አለቀ።

ሌላም አለ። ቤቱን ከመሬት ከፍ አድርጎ ለመሥራት እስከ 30 ሺህ ዶላር ይሰጥ ነበር። ብዙው ሰው የጥገናው ገንዘብ ስላልበቃው ያንን ብር ጣራና ግድግዳ ጠገነበት። እ.ኤ.አ. በ2013 የፌዴራሉ ቤቶች መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር ወደ 24 ሺህ የሚሆኑ ባለ ቤቶች የተቀበሉትን ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለታለመለት ማንሻ ማዋላቸው አልተረጋገጠም አለ። ግዛቲቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ፍርድ ቤት ገተረች። ክሱ የተነሳው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ነው፤ ከጎርፉ ከ17 ዓመት በኋላ! ቤቱን ጠግኖ፣ ልጆቹን ይዞ ተመልሶ የገባ ሰው በዚያ ዓምድ ላይ ጥፋተኛ ነበር። የእኛ ቅጽ ያልቆመችውን እናት ቆማለች አለ፤ የእነርሱ ቅጽ የቆመውን ወደቀ አለው።

ልዩነቱ ግን ልብ ይባልልኝ። እዚያ ቀመሩ የታወቀ ነበር። ሰው አነበበው፣ አልተስማማም፣ ጠበቃ ይዞ ሄደ። እኛ ጋ እናትየዋ ላሚቱ በስማቸው መመዝገቧን የሰሙት ከእኔ ነው፤ ያውም ከዓመታት በኋላ።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። መራጩም፣ ከፋዩም፣ ሪፖርት አድራጊውም አንድ ሲሆን ሳይመረጥ የቀረው ሰው በየትኛው ዓምድ ይታያል? እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት ሴፍቲኔትን ጨምሮ የዕርዳታ ፕሮግራሞች ተቃዋሚ የሚባለውን ሰው ለመቅጣት ይውላሉ የሚል ዘገባ አወጣ። መንግሥት አስተባበለ። ለጋሾቹም በበኩላቸው ፕሮግራሞቹ በቂ መከላከያ አላቸው የሚል ጥናት ነበራቸው። ያ ጥናት ግን አሠራሩን በወረቀት የመረመረ እንጂ በየቀበሌው ወርዶ ክሱን ለማጣራት የተሠራ አልነበረም። እኔ በነበርኩበት ጊዜ አቤቱታ ይቀርብ ነበር። አቤቱታውን የሚሰማው ኮሚቴና ዝርዝሩን ያወጣው ኮሚቴ ግን በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። ጎረቤታሞች ናቸው፣ ዕድርተኞች ናቸው። ማን ደፍሮ ይናገራል?

ይህን ሁሉ የማነሳው ለታሪክ ብዬ አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የደረሰውን ጥፋት ታውቃላችሁ። የገንዘብ ሚኒስቴር ለመልሶ ግንባታው ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ብሏል። ዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 በግጭት ለተጎዱ ማኅበረሰቦች 300 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። ገንዘቡ ከሚያስፈልገው ጋር አይቀራረብም፤ ለዚያውም ነው እያንዳንዷ ብር የት እንደደረሰች መታወቅ ያለባት። ዞሮ ዞሮ የሚወርደው ወደ ወረዳ ነው። እኔ የማውቀው ወረዳ ደግሞ ሪፖርት ሲጽፍ «ይህን ያህል ጤና ጣቢያ ተጠገነ፣ ይህን ያህል ትምህርት ቤት ተከፈተ» ነው የሚለው። ጤና ጣቢያው ውስጥ መድኃኒትና ነርስ አለ? ሱቁ የተዘረፈበት ነጋዴ ዕቃ መልሶ ሞላ? ሞልቶስ ከሆነ በራሱ ብር ነው ወይስ በአራጣ?

የጦርነት ቆጠራ ከድርቅ ቆጠራ የሚከፋበት ነገርም አለ። ተፈናቅሎ ያልተመለሰ ሰው በቀበሌው ቆጠራ ውስጥ የለም። ክፉኛ የተጎዳው ከቤቱ ከጠፋ፣ የቀሩት ሲቆጠሩ ቀበሌው ያገገመ ይመስላል። ስለዚህ ቆጣሪው ከጦርነቱ በፊት የነበረውን መዝገብ ይዞ እያንዳንዱን ስም መከተል አለበት፤ ደሴም ይሁን፣ መቀሌም ይሁን፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤትም ይሁን።

«ይህ ሁሉ ወጪ ነው» የሚል ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሕዝቡን ሁሉ ቁጠሩ አላልኩም። በዕጣ የወጡ ጥቂት መቶ ቤቶች፣ ግማሹ ያገኘ፣ ግማሹ ያላገኘ። ብሩ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በሦስተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ አንድ ጊዜ። ቆጣሪው ከወረዳው ደሞዝ የማይበላ ሰው ይሁን፤ ዩኒቨርሲቲ ከሆነም ዩኒቨርሲቲ። ቅጹ ላይ ሁለት ዓምድ ይጨመር፤ «የማን ነው?» እና «ስንት ዕዳ አለበት?»። ያገኘው ሰው ዝርዝር ከነተጻፈለት ንብረት በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ላሚቱ የማን እንደሆነች ጎረቤት ያውቃልና። ወጪው የሰኔውን የሥልጠና አበል አያህልም፤ ይህንን በሒሳብ ሠራተኛነቴ እነግራችኋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልቀመጥ። ከእናትየዋ ቤት ስወጣ እስከ አጥሩ ሸኙኝ።

«ልጄ፣ እዚያ መዝገብ ላይ አሁንም ምሩቅ ነኝ?»

«አዎን፣ እናቴ።»

«ዘንድሮ ዕርዳታ ሲሰጥ ለምሩቅ አይደርስም ነው የሚሉት። ያስመዘገብከኝ አንተ ከሆንክ ልታስፍቀኝ አትችልም?»

ወደ ወረዳው ሄድኩ። በእኔ ቦታ የተቀመጠው ጨዋ ወጣት ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። ጉዳዩን ነገርኩት። ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ መዝገቡን አየ፣ መሳቢያውን ስቦ ቅጾቹን አገላበጠ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ ከምረቃ የሚመለስበት ቅጽ እኛ ጋ የለም» አለኝ።